እግሯን ወንዝ ውስጥ የነከረችው ሴት

ኑ፣ ጠጋ በሉ ልጆቼ። አንቺ በር ላይ የቆምሽውም ግቢና አረፍ በይ፤ ቆመው የሰሙት ወሬ ልብ ሳይደርስ ጉልበት ላይ ይቀራል። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ ሠዓሊ አሟሟት ነው። አይዟችሁ፣ ደሙ ላይ ብዙ አልቆይም። የምቆየው ሰዎቹ ላይ ነው፤ ሰዎቹ ደግሞ፣ ሐቁን ልንገራችሁ፣ አንዱ ለአንዱ እሾህ ነበሩ።

ነገሩ የታወቀው ዐርብ ጠዋት ነው። ሠዓሊው ከጎማ ጥገናው ቤት በላይ፣ ፎቁ ላይ፣ የዘይት ቀለም ሥዕል የሚያስተምርበት ክፍል ነበረው። የጽዳት ሠራተኛዋ እንደ ልማዷ በቁልፏ ከፍታ ገባች። መስኮት ልትከፍት ስትራመድ ሰውዬው ወለሉ ላይ ተዘርሯል። ማጅራቱ ተፈንክቷል። ቀለም የሚፈጭበት የእብነ በረድ ድንጋይ አጠገቡ ወድቋል፤ በቀለም ማጠቢያ አኳራጅ ተጠርጎ ያብረቀርቃል። ጮኸች፤ ጎማ ጠጋኞቹ ሮጠው ወጡ፤ ፖሊስ ተጠራ።

የመጣችው ኢንስፔክተር ከጀርባዋ «ኮምጣጤ» የሚሏት ናት። አትስቅም፣ አታባብልም፣ የሰው ፊት አይታ ቃሏን አታለሰልስም። ክፍሉን በዓይኗ ለቀመችው። የተልባ ዘይት ሽታ አፍንጫ ይዘጋል። ሦስቱ የተማሪዎች ሸራ ማቆሚያዎች ባዶ ናቸው፤ ተማሪዎቹ ሐሙስ ቀን ሥራቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ሄደዋል። የመምህሩም ማቆሚያ ባዶ ነው። በሟቹ ቀኝ እጅ ግን ቀጭን ብሩሽ አለ፤ ጫፉ ብጫ።

«ሳጅን፣ ይኼ ሰው ሲመታ እየሳለ ነበር» አለች።

«ምኑ ላይ? ሸራ የለማ!» አለ ረዳቷ ሳጅን።

«እሱን እኮ ነው የምጠይቅህ።»

«ገዳዩ ይዞት ሄዷላ። ሥዕል ሰርቋል።»

ግድግዳው ላይ የተሰቀለው አንድ ትልቅ ሥዕል ብቻ ነው። መምህሩ በወጣትነቱ ከአንድ የጥንት ሠዓሊ ሥራ የቀዳው ነው፤ ወንዝ ዳር፣ ዛፍ ሥር ያረፉ አራት ሰዎች። ሽማግሌው ምርኩዙን ተደግፏል፤ ጎረምሳው ተንጋሎ ሰማይ ያያል፤ አንዷ ገንቦ ትሞላለች፤ ብጫ ሻሽ ያሰረችው ደግሞ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣለች። እዚያ የገባ ተማሪ ሁሉ ይህንኑ ሥዕል እየቀዳ ነው እጁን የሚያፍታታው። ኢንስፔክተሯ አስከሬን ለሚያወጡት ሰዎች መንገድ ስትለቅ ትከሻዋ ሥዕሉን ታከከው።

«ብጫ ካርድ አዩ፣ አለቃ» አለ ሳጅኑ ኮቷን እየጠቆመ። አውራ ጣት የምታክል ቀለም ተለጥፎባታል።

«ሥራህን ሥራ።»

በዚያ ቤት ቀለም ያልነካው ነገር የለምና ነገሬ አላለችውም።

በሩ አልተሰበረም። ቁልፉ ሁለት ነው፤ አንዱ ሟቹ ኪስ ውስጥ ተገኘ፣ ሌላው የጽዳት ሠራተኛዋ አንገት ላይ ተንጠልጥሏል። አስከሬኑን ያየው ሐኪም «ሐሙስ ከቀኑ ስምንት እስከ ዐሥራ አንድ ባለው ውስጥ ነው የሞተው» አለ። ይኼኔ የሟች ታናሽ ወንድም ደረሰ፤ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፣ ሰፊ አንገት ያለው። የጽዳት ሠራተኛዋን እንዳየ ጣቱን ቀሰረ።

«እሷ ናት! ሌላ ማን ቁልፍ አለው? ሐሙስ ስትረግመው ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል!»

«ምን ብላ ረገመችው?» አለች ኢንስፔክተሯ።

ጎማ ጠጋኙ ቀደመ። «‹እንደ ጨርቅህ ነድደህ ሙት› ብላዋለች። በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ሚስቴ ብላኝ ቢሆን ቤት አልገባም።»

«ምነው እናንተ!» አለች ሴትዮዋ። «ዘይት የጠጣ ጨርቅ ጥግ ላይ ይከምራል። ዘይት የጠጣ ጨርቅ ክብሪት ሳይነካው በራሱ ይነድዳል፣ ስንቴ ልንገረው? ዐሥራ አንድ ዓመት ነገርኩት!»

«ተናደሽ ገደልሽዋ» አለ ወንድምየው።

«አንተ ለወንድምህ ያለቀስከው መቼ ነው? ከደረጃው ጀምረህ ዓይንህ ቤቱን ሲለካ አይቼሃለሁ።»

ሊመታት ተወረወረ፤ ሳጅኑ መሐል ገባ።

ጣቢያ አዛዡ ነገር ሲረዝም የማይወድ ሰው ነው። «ቁልፍ አላት፣ ጠብ አላት። ሰኞ ጠዋት ፋይሉ ዐቃቤ ሕግ ጋ ይሄዳል» አለ።

«በሩ ከውጪ ሲስቡት በራሱ የሚቆለፍ ነው» አለች ኢንስፔክተሯ። «እሱ ከፍቶለት የገባ ሰው ያለ ቁልፍ መውጣት ይችላል።»

«እንግዲያው ያን ሰው እስከ ሰኞ አምጪልኝ። ካላመጣሽ እሷ ሄደች።»

ሴትዮዋን ምርመራ ክፍል አስቀመጧት። ሃምሳውን ያለፈች፣ እጇ በሳሙናና በአኳራጅ የተሰነጣጠቀ ናት።

«ሐሙስ ከሰዓት የት ነበርሽ?»

«ቤቴ። እናቴ ጋ።»

«ማን ይመሰክርልሻል?»

«እናቴ።»

«እናት ለልጇ ምስክር አትሆንም።»

«እንግዲያው ማንም። እናቴ አልጋ ላይ ከቀረች ሦስት ዓመቷ ነው። እኔ ካላገላበጥኳት አትገለበጥም፣ እኔ ካላጠጣኋት አትጠጣም። እዚህ አስቀምጠሽኝ የምትጠይቂኝ ስለ እሷ ነው ወይስ ስለሱ?»

«ስለሱ። ሲሞት ምን እየሳለ ነበር?»

«ብነግርሽስ? ‹ገዳይ ነሽ› ብለሽ አስረሽኝ አሁን ደግሞ አስተምሪኝ ትይኛለሽ? ሂጂና ሌላ ጠይቂ።»

ከዚያ በኋላ በር እንደተዘጋ ቤት ዝም አለች።

ኢንስፔክተሯ ከወንድምየው ጀመረች። ሳጅኑ ግን ከአውቶቡስ መናኸሪያው አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። ሹፌሩ ሐሙስ ከሰባት ሰዓት እስከ ማታ መሪ ላይ ነበር፤ ትኬት ቆራጩም ሰባት መንገደኞችም መስከረዋል። አንዷ ተሳፋሪማ ፌርማታዋን አሳልፏት ስለተጣሉ መልኩን አትረሳም። በቤቱም የተሰረቀ ሥዕል አልተገኘም። ለቤት የጓጓ ሰው ነው እንጂ ነፍስ ያጠፋ አይደለም።

የቀሩት ሦስቱ ተማሪዎች ናቸው። የመጀመሪያዋን፣ ፋርማሲስቷን፣ መድኃኒት ቤቷ መስኮት ላይ አገኘቻት።

«ሰልፍ ይያዙ» አለች ፋርማሲስቷ ቀና ሳትል።

«ፖሊስ ነኝ።»

«ፖሊስም ራሱን ያመዋል። ሰልፍ ይያዙ።»

ኮምጣጤ ሰልፍ ያዘች። ተራዋ ሲደርስ ፋርማሲስቷ ወደ ጓዳ አስገባቻት። ሐሙስ ከሰዓት መስኮቷ ላይ ነበረች፤ በየሰዓቱ የፈረመችባቸው ማዘዣዎች አሉ። ሸራዋ ከካርቶኖች መሐል ቆሟል። የወንዙ ውሃ ገና ባዶ ነው፤ አራቱ ሰዎች ግን ተጠናቀዋል፤ ሽማግሌው፣ ጎረምሳው፣ ገንቦዋ፣ ቀይ ሻሽ ያሰረችው ሴት።

«መምህሩ ይወድሽ ነበር?»

«እሱ? ‹ሰውን እንደ ክኒን ነው የምትስዪው፣ ሁሉም ድቡልቡል› ይለኛል። ማንንም አይወድም። ሐሙስ ጠዋት ለጥርስ ሐኪሙ በሁላችን ፊት ምን እንዳለው ያውቃሉ? የሚቀጥለው ወር ዐውደ ርእይ አለ። ሐኪሙ አገር ምድሩን ጠርቷል። ‹የአንተ ሥዕል አይሰቀልም፤ አራት ወር ሙሉ ሥዕሉን አላየኸውም› አለው። ሰውዬው ፊቱ እንደ ኖራ ነጣ። በኋላ ላይ ለማስታረቅ ብዬ ሁሉንም ሰብስቤ በስልኬ ፎቶ አነሳኋቸው። አንድም ሰው አልሳቀም።»

ሁለተኛው ተማሪ ጡረተኛ ነው፤ «ጋሽ ቆብ» ይሉታል። በረንዳው ላይ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር ዳማ ይጫወታል። ሐሙስም እዚያው ነበር፤ ሦስቱም ይምላሉ፣ ስለተሸነፉ አይረሱትም። ሸራውን አወጣላት። አራቱም ሰዎች ኮፍያ ደፍተዋል።

«ኦርጅናሉ ላይ ኮፍያ አለ እንዴ ጋሼ?»

«የለም። ግን ወንዝ ዳር ይበርዳል፣ ልጄ። እሱ ‹ደመና ስትስል ጃንጥላም ጨምርላቸው› ብሎ ሰደበኝ። ነፍሱን ይማርና ምላሱ መርዝ ነበር።»

ሦስተኛው ጥርስ ሐኪሙ ነው። ቤቱ ከክሊኒኩ ጀርባ ነው፤ ወለሉ እንደ መስታወት ያበራል። እጁ ለስላሳ፣ ድምፁም ለስላሳ ነው፤ ዓይኑ ግን አይለሰልስም።

«ሐሙስ ከሰዓት ክሊኒክ አልነበርኩም። ባለቤቴ እህቷ ጋ ሄዳ ነበር። ብቻዬን እዚህ እየሳልኩ ነበር።»

«ምስክር አለዎት?»

«አለኝ እንጂ። ይኸው።» ሸራውን ገልጦ አቆመላት። «ሐሙስ ጠዋት ከዛፎቹ በታች ባዶ ነበር፤ ሁለቱንም ተማሪዎች ይጠይቋቸው። እኔ ከላይ ወደ ታች በካሬ እየከፈልኩ ነው የምሠራው። ሰዎቹን በሙሉ ከሰባት ሰዓት እስከ ማታ ጨረስኳቸው። ይንኩት፣ እርጥብ ነው። ዘይት ቀለም አይዋሽም።»

ኢንስፔክተሯ ተጠጋች። እውነት ለመናገር ከሦስቱም የተሻለው ይህ ነው። የሽማግሌው ምርኩዝ፣ የጎረምሳው ጉሮሮ፣ እግሯን ውሃ ውስጥ የነከረችው ሴት ብጫ ሻሽ፣ ሁሉም ልክ እንደ ግድግዳው። ስትነካው ጣቷ ላይ ቀረ።

«ያለ ሞዴሉ እንዴት ቻሉ?»

«አእምሮ አለኝ፣ እመቤቴ። አራት ወር ሙሉ ፊት ለፊቱ ተቀምጫለሁ። እሱ አያይም ይለኝ ነበር፤ ይኸው።» ከንፈሩን ፈገግ አደረገ። «ሠራተኛዋን ይዛችኋል ሲባል ሰማሁ። እንዲህ ዓይነት ሰው ቁልፍ ሲይዝ መጨረሻው ይኸው ነው።»

ስትወጣ ሳጅኑ «ይኼስ?» አላት። «የሚያስጠላ ሰው ነው» አለች። «መጥፎ ሰው መሆን ግን ማስረጃ አይሆንም።»

ቅዳሜ ከሰዓት፣ የሚይዙት ፍንጭ ሲጠፋ፣ ኢንስፔክተሯ የሠራተኛዋን ቤት ፍለጋ ሄደች። ከአንድ ግቢ ውስጥ ከተደረደሩት ክፍሎች የመጨረሻው ነው። ጎረቤቷ በሩ ላይ እጇን አጣምራ ቆማለች።

«እናትየውን የሚጠብቅ አለ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«የነፍሰ ገዳይ እናት ማን ይጠብቃል? እኔ ልጆች አሉኝ።»

«በሩን ክፈቺ።»

አሮጊቷ ግድግዳውን ተደግፋ ሳይሆን ወደ ግድግዳው ተጥላ ነበር። ከንፈሯ ደርቋል። አንሶላው ከዐርብ ጀምሮ አልተቀየረም። ኢንስፔክተሯ ኮቷን አወለቀች፤ ውሃ አጠጣቻት፤ እንደምንም አገላበጠቻት። እንዴት እንደሚያዝ አታውቅምና ሁለቴ ከክርኗ አምልጣ ወደቀችባት።

«ቀስ! በሬ ነው እንዴ የምትጎትቺው?» አለች አሮጊቷ። «እጅሽ ደግሞ በረዶ ነው። አንቺ ነሽ ልጄን የወሰድሻት?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እንግዲያው መልሻት። አንቺ አትችይበትም።»

ኮምጣጤ አንሶላውን ገፈፈች። ልብሱን ቀየረች፣ አጠበች፣ ጎረቤትየዋን ግን «እስከ ነገ ውሃ ካላጠጣሻት አንቺንም እወስድሻለሁ» ብላ አስፈራርታ ወጣች።

ጣቢያ ስትመለስ በቀጥታ ወደ እስረኛዋ ገባች። «እናትሽን አይቻታለሁ። ጀርባዋ ቀልቷል፤ ገና አልቆሰለም። አገላብጫታለሁ።»

ሴትዮዋ የኢንስፔክተሯን እጅ አየች፤ እጅጌዋ እስከ ክርን እርጥብ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ተንቀጠቀጠ፤ ወዲያው ግን መልሳ ዘጋችው።

«በግራዋ ነው ያስተኛሻት?»

«በቀኟ።»

«በቀኟ ትንፋሽ ያጥራታል። ምን ይደረግ፣ አታውቂም።» ከዚያ ቀና አለች። «ግድግዳው ላይ ነበር የሚስለው።»

«ምን?»

«ጠይቀሽኝ የለ? ሲሞት ምን እየሳለ ነበር ብለሽ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል ነው። በየዙሩ ትምህርቱ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ተማሪዎቹ ከሄዱ በኋላ አንዲት ነገር ይለውጥበታል። ከዚያ ሲመለሱ ማን እንደሚያይ ማን ከጭንቅላቱ እንደሚገለብጥ ይይዛቸዋል። እነሱ አያውቁም፤ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ብሩሹን የማጥበው እኔ ነኛ። ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ ስወጣ ብጫ እያዘጋጀ ነበር። ‹ማክሰኞ ሲመለሱ እንስቃለን› አለኝ። ተጣልተን እንኳ እሷን ሳይነግረኝ አልቀረም።»

«ምኑን ሊለውጥ ነበር?»

«እሱን አልነገረኝም። ሂጂና በዓይንሽ እይ።»

እሑድ ጠዋት ኢንስፔክተሯና ሳጅኑ የታሸገውን ክፍል ከፈቱ። ኢንስፔክተሯ ሥዕሉን እያንዳንዱን ቦታ በጣቷ ጫፍ ነካካች። ሰማዩ ደረቅ ነው፣ ዛፉ ደረቅ፣ ምርኩዙ ደረቅ፤ የሠላሳ ዓመት ሥዕል እንደ ድንጋይ ነው። የሴትየዋ ሻሽ ላይ ሲደርስ ጣቷ ተንሸራተተ። ብጫ። ጠርዙ ላይ በጥፍሯ ፋቅ ስታደርገው ከሥሩ ቀይ ወጣ።

«ኮትዎ ላይ የነበረው...» አለ ሳጅኑ አፉን ከፍቶ።

«ዝም በልና ፋርማሲስቷን ጥራልኝ።»

ፋርማሲስቷ እየተነጫነጨች ስልኳን ይዛ መጣች። ፎቶው ሐሙስ ስድስት ሰዓት ከሩብ ይላል። መምህሩና ሁለቱ ተማሪዎች ፊታቸውን አጥቁረው ቆመዋል፤ ከኋላቸው ሥዕሉ አለ፤ ሴትየዋ ቀይ ሻሽ አስራለች። ዐርብ ጠዋት ፖሊስ ባነሳው ፎቶ ደግሞ ብጫ ነው። ከዐርብ በኋላ በሩ ታሽጓል።

ኢንስፔክተሯ ሳጅኑን ይዛ በቀጥታ ጥርስ ሐኪሙ ጋ ሄደች። ሸራው በክብር ሳሎኑ መሐል ቆሟል፤ እንግዶች ሊያዩት የተጠሩ ይመስላል።

«አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ ዶክተር። ጀርባዎን ለሸራው ይስጡና ይንገሩኝ። የመምህሩ ግድግዳ ላይ ያለችው ሴት፣ ያቺ እግሯን ውሃ ውስጥ የነከረችው፣ ሻሿ አራት ወር ሙሉ ምን ዓይነት ቀለም ነበር?»

የሰውዬው ፊት በአንዴ ተለወጠ።

«ማን ነገረሽ?» አለ። «እዚያ ማንም አልነበረም! ይህንኑ ጥያቄ...»

ከዚያ ምን እንዳለ ራሱ ሰማው፤ አፉን ገጠመ። ኢንስፔክተሯ ግን መምህሩ እንዲህ ብሎ እንደጠየቀው አላወቀችም ነበር፤ ከራሷ አውጥታ ነው የጠየቀችው።

«ይቀጥሉ» አለችው በዝግታ።

«ብጫ ነው» አለ። «ብጫ! ይኸው ሸራዬ!»

«ቀይ ነበር። ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ ቀይ ነበር። እሱ ብጫ ያደረገው እናንተ ከወጣችሁ በኋላ ነው፤ ዐርብ ጠዋት ክፍሉ ታሸገ። ፋርማሲስቷም ሸራዋ ላይ ቀይ አድርጋዋለች። ብጫውን ያየው እሱ ሲሞት እዚያ የነበረው ሰው ብቻ ነው።»

ሳጅኑ ከወንበሩ ላይ የሐኪሙን ስልክ አነሳ። ሐኪሙ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ለስላሳው ድምፁ ተሰባበረ።

«ልለምነው ነው የሄድኩት። እኔ! ልለምነው! ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ይነካካል፣ ዞር እንኳ አይልም። ‹ጀርባህን ስጥና የሻሿን ቀለም ንገረኝ፣ ከነገርከኝ እሰቅልልሃለሁ› አለኝ። አላውቀውም። አራት ወር ሙሉ... አላውቀውም። ሳቀ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ሳቀ።»

«ከዚያስ?»

«ድንጋዩ እጄ ላይ ነበር።»

«ከዚያ በኋላ ሥዕሉን በስልክዎ አነሱት።»

«ክፍሉ እንደሚዘጋ አውቃለሁ። መጨረስ ነበረብኝ።» ቀና አለ፤ ዓይኑ ውስጥ አሁንም ኩራት ነበር። «ጥሩ ነው፣ አይደለም እንዴ? እውነቱን ይናገሩ። ከሁሉም ይበልጣል።»

«ይበልጣል» አለች ኮምጣጤ። «ሰውዬው ሲሞት ነው ማየት የተማሩት። እጅዎን ወደፊት ያድርጉ።»

እሑድ ከሰዓት የጽዳት ሠራተኛዋ ተፈታች። አዛዡ ከቢሮው አልወጣም። ኢንስፔክተሯ ራሷ በር ድረስ ሸኘቻት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች።

«ኧረ! ዛሬ ነው ‹እርስዎ› የሆንኩት? ዐርብ ለት ‹አንቺ› ነበርኩ።»

«ዐርብ ለት ተሳስቼ ነበር።»

«ዐርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ። እኔ ቆጥሬዋለሁ፤ እናቴም ቆጥራዋለች።»

ኢንስፔክተሯ «በመኪና ላድርስዎት» አለች፤ ሴትዮዋ የኋላውን በር ራሷ ከፍታ ገባች። ግቢው ሲደርሱ ጎረቤቶች ሁሉ ወጥተው ነበር። ያቺ እጇን አጣምራ የነበረችው ሴት «እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ፣ እኛማ ንጹሕ እንደሆንሽ እናውቅ ነበር» ብላ ልታቅፋት ሄደች። ሴትዮዋ አልፋት ገባች፤ በሩንም ዘጋችው።

ኢንስፔክተሯ ግቢው ውስጥ ቀረች። መሄድም መቆየትም አልሆነላትም። ከውስጥ የአሮጊቷ ድምፅ ሲቆጣ፣ የልጅየዋ ድምፅ ሲያባብል ይሰማል። ቆይቶ በሩ ተከፈተ። ሴትዮዋ ዓይኗ ቀልቷል።

«ጀርባዋ ቆስሏል» አለች። «ብቻዬን ከነቁስሏ ማንሳት አልችልም። ግቢና ያዢልኝ። ይቅር ያልኩሽ እንዳይመስልሽ።»

ኮምጣጤ ኮቷን አወለቀችና ገባች። እንዴት እንደሚያዝ ሴትዮዋ ቃል በቃል እየነገረቻት፣ በግራ ጎኗ አስተኟት።

አዎን ልጆቼ፣ ሐኪሙ ታሰረ፣ ወንድምየው ቤቱን ወሰደ፣ አዛዡም ሹመት አገኘ ይባላል። እነሱን እርሷቸው፣ ግድ የለም። ግን ያቺን ሴት፣ ሁለት ቀን አፏን ዘግታ ቆይታ ለእናቷ ጀርባ ስትል የከፈተችውን፣ አስታውሱልኝ። አደራ።